የቦጂያ እሾህ

«እሱን አትንካው!»

ቀጄላ መጥረቢያውን ከፍ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። ያለምወርቅ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ሌላው ባዶውን። ባሏ ቦጂያ ትናንት ከሰዓት በኋላ ካረፈ ወዲህ ድምጿ ጠንክሮ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሲሞት እንኳ አልጮኸችም። የሱሉልታ ጎረቤቶቿ ሞቱን የሰሙት ከእሷ አፍ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ከእድሩ ጡሩምባ ነው።

እድርተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። የድንኳኑ ሸራ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ምሰሶዎቹ በቆርቆሮው አጥር ተደግፈው ይጠብቃሉ። የቀረው ከግቢው መሃል የተገተረውን እሾሃም ቁጥቋጦ ማንሳት ብቻ ነበር።

ቀጄላ የእድሩ ዳኛ ነው። ከዚያ በላይ ግን የሟች የልብ ጓደኛ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን አብረው ድርቆሽ ነግደዋል። መጥረቢያውን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አላት።

«ያለም፣ ድንኳኑ ሌላ የሚቆምበት ቦታ የለውም እኮ። ደግሞ አንቺ ራስሽ...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ያለምወርቅ ያንን ቁጥቋጦ እንደ ጣውንት ስትጠላው እንደኖረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስንት ነጠላ ቀዶባታል። ስንቴ «ወይ እሱ ይነቀል ወይ እኔ ልነቀል» ብላለች። ቀጄላም መጥረቢያውን ያነሳው ባልቴቷን ከአንድ ነገር ላሳርፋት ብሎ ነበር።

«ድንኳኑን በሱ ዙሪያ አቁሙት» አለች።

«ዙሪያውን? እንዴት ሆኖ?»

«ከጠበበ ይጥበብ።»

ይህን ብላ ወደ ቤት ገባች። ወንዶቹ ምን ያድርጉ? ምሰሶዎቹን አራርቀው፣ ሸራውን ከፍ አድርገው ወጠሩት፤ ቁጥቋጦው እንዳለ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። እናም በዚያ ጥር የቦጂያን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ሆነ፤ በግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ በመሃል ደግሞ አንድም ቅጠል የሌለው፣ ከእግር እስከ ራሱ በቀይ አበባ የተለበጠ እሾህ። ከሩቅ የመጣው ሰው አንድ ሀብታም ዘመድ ያመጣው የአበባ ጉንጉን መስሎት ይጠጋል፤ ከዚያ እጁን ተወግቶ ይመለሳል።

ቀብሩ በዚያው ቀን ሆነ። ልጃቸው ገመቺስ የደረሰው ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል ነው። ገመቺስ ቡራዩ ውስጥ ሚኒባስ ይነዳል። መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ መኪናውን ሰው ግቢ አቁሞ፣ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በለመነው ሞተር ሳይክል መጣ። ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲገባ ያለምወርቅ ብድግ ብላ አቀፈችው።

«እማዬ፣ ታሞ ነበር እንዴ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አልታመመም። ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ። ሻዩን ይዤለት ስመጣ ተኝቷል ብዬ ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ቆይቼ ስመለስ ሻዩ አልተነካም።»

ገመቺስ ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር። በዚያ ወር የሞት ወሬ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በምን?» ብሎ ነው፤ መልሱንም እየፈራ። አባቱ በፀሐይ፣ በራሱ ወንበር፣ በራሱ ግቢ ማረፉን ሲሰማ አለቀሰ፤ ግን ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደለት።

የሰፈሩም ስሜት እንደዚያው ነበር። «ማስተር ፕላን» የሚባለው ነገር ከተሰማ ጀምሮ፣ አዲስ አበባ እየሰፋች ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ለገጣፎን ልትውጥ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ገበሬው በሩ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የቅየሳ ድንጋይ አየሁ እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ልጆች ለሰልፍ ወጡ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ ተተኮሰ። ሰዉ ከለቅሶ ወደ ለቅሶ ይሄድ ነበር፤ የሚለቀሰውም ለልጅ ነው። አንዳንዱ ቤት «ሰው አትሰብስቡ» ተብሎ ድንኳን እንኳ አልተጣለም። ስለዚህ ወይዘሮ ያለምወርቅ ግቢ ውስጥ፣ ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሽማግሌ እንደ ወግና ሥርዓቱ መቀመጥ ለሁሉም እንደ እረፍት ሆነ። ሰው ያለቅሳል፤ ንፍሮውን ይዘግናል፤ ይቆያል። ሂድ የሚለው ስለሌለ ብቻ ሳይሆን መሄድም ስላላሰኘው ነው።

በሁለተኛው ቀን ሳቅ ተጀመረ። የጀመረው ጎረቤታቸው ከድሩ ነው። የሱቁና የቤቱ ጀርባ ከነቦጂያ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይገናኛል። ሚስቱ ሳሊሃ ከማለዳ ጀምራ በትልቅ ፔርሙስ ሻይ ታመላልሳለች፤ እሱ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል።

«ይሄን ዛፍ ኦቦ ቦጂያ መጀመሪያ የተከሉት እዚያ ጋ ነበር፣ ከኔ አጥር ሥር» አለ በእጁ እያሳየ። «ግድግዳው ሙቀት ይሰጠዋል ብለው። አላበበም። ከዚያ ነቅለው ወደ መሃል ወሰዱት። ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል ለካ! በዓመቱ በኔ በኩል ብቅ አይልም? ፍየሌ ሄደች፣ አፏን ተወጋች። እኔ ምን ላድርግ፤ ቆረጥኩት። በነጋታው ኦቦ ቦጂያ አጥሩ ላይ ብቅ አሉና ‹ከድሩ፣ ቆረጥከው አሉ?› ‹ኤዬ ኦቦ፣ ይቅርታ፣ ፍየሏን...› ‹አይ፣ አይክፋህ፤ ስትቆርጠው መረቅኸው እንጂ› ብለው ሄዱ። ምን ማለታቸው ነው እያልኩ ክረምቱ አለፈ። ባንዱ ፈንታ ሰባት ሆኖ በቀለ!»

ድንኳኑ ሳቀ። ሽማግሎቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ፍሬውንስ?» አለች ሳሊሃ የብርጭቆ ትሪ እንደያዘች። «ያን ድንጋይ የሚመስል ቢጫ ፍሬ ኦቦ ቦጂያ ለቅመው ያመጡልኛል። ይጎመዝዛል፤ ጥርስ ያወልቃል። ‹ምን ላድርገው?› ስላቸው ‹መዓዛው ይሄን ያህል የሚጥም ነገር ለከንቱ አልተፈጠረም፤ እስቲ አስቢበት› አሉኝ። በስኳር ቀቀልኩት። ይኸው ልጆቼ ዛሬ ዳቦ ያለ እሱ አይበሉም።»

ያለምወርቅ ከውስጥ፣ ከፍራሹ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። በሩ ክፍት ስለሆነ ቀዩ አበባም ይታያታል። ሳቁ አላስከፋትም። ቦጂያን የሚያስቅ ሰው አድርጋ አስባው አታውቅም ነበር፤ ለእሷ ዝምተኛ ነው። ሰው ሲስቅበት ግን ገባት፤ ዝምታው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጨዋታ ነበረች።

እሷ የሰበታ ልጅ ናት። ሰበታ ዝቅ ያለች አገር ናት፤ ጠዋቷ ይለሰልሳል፤ በአባቷ ጓሮ ሎሚና ኮክ ነበር። ሱሉልታ በሙሽርነት የመጣችው በጥር ነው። በመጀመሪያው ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ባልዲው ላይ ብታጎነብስ፣ አድሮ የነበረው ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ እንደ መስታወት አብለጨለጨባት። ጣቷ ሲነካው ተሰበረ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቦጂያ ጋቢውን አውልቆ አለበሳትና ውሃ ሊያሞቅላት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በብርዱ አልታረቀችም። «እናንተ አገር ከብርድ በቀር ምን ይበቅላል?» ትላለች። እሱ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን መልሶላት አያውቅም።

ገመቺስ ካደገ በኋላ ደግሞ ልማድ አወጣች። ታህሳስ ሲገባ፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ሲያደርገው፣ ሰበታ እህቷ ስንዱ ዘንድ ትወርዳለች። የምትመለሰው የካቲት ሲሞቅ ነው። ቦጂያ ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ይሸኛታል። «ቅሪ» ብሏት አያውቅም። «ስንዱን ሰላም በያት» ይላል፤ በቃ።

ቁጥቋጦውን ያመጣው በእነዚያ ዓመታት ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ በድርቆሽ መጫኛው አይሱዙ ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወረደ። እሾህና ሥር ብቻ። የሰጠው አትክልተኛ «ኩዊንስ» ይባላል ብሎታል፤ ቦጂያ «ኩንሲ» አለው፤ ሰፈሩ «የቦጂያ እሾህ» አለው። የሱሉልታ አፈር ጥቁርና ከባድ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል። ስለዚህ አፈሩን ከምሮ እንደ ጉብታ አደረገ፤ አሮጌ ድርቆሽና እበት ደባለቀበት፤ ከጉብታው አናት ተከለው። ከአጥሩ ሥር ሳያብብ ሲቀርም ነቅሎ ወደ ግቢው መሃል፣ ውርጩ በቀጥታ ወደሚያርፍበት አዛወረው። ያኔ ሰው ሁሉ አበደ አለው። ሌላው ተክሉን ከብርድ ይሸሽጋል፤ ይሄ አውጥቶ ይሰጣል!

«ላሚቱ የማትበላውን፣ እኛ የማንበላውን ምን ይሠራልሃል?» ትለዋለች።

«ሱታ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ።»

ከሰበታ ስትመለስ «አብቦ ነበር እኮ» ይላታል። እሷ የምታየው እሾህና ለጋ ቅጠል፣ ምናልባት ከሥር የተረሱ ሁለት ሦስት የጠወለጉ አበቦች ነው። «ለዚህች ነው እንዴ?» ብላ ታልፈዋለች። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ፤ አበባውና ያለምወርቅ ሳይገናኙ።

ዘንድሮ ግን በታህሳስ መንገዱ ተዘጋ።

ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። ገመቺስ ደውሎ «እንዳትነቃነቁ፤ ቡራዩ በኩል ማለፍ የለም፤ ሰበታም ብሷል» አለ። ያለምወርቅ ተናደደች። ከምድጃው አጠገብ ሁለት ጋቢ ደርባ ተቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉ በሩ እንዳይከፈትባት ትቆጣለች። ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ ደግሞ ቁጣዋ ወደ ፍርሃት ይለወጣል። ቦጂያ ሬዲዮውን እያዳመጠ ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት ከውጭ ጠራት።

«ያለም፣ እስቲ ነይማ።»

«በዚህ ውርጭ?»

«ነይ፤ አትቆጪኝ።»

ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወጣች። መሬቱ ነጭ ነው። አጥሩ ነጭ ነው። ከመሃል እሾሁ ቆሟል፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ እንቡጥ ተሰክቷል። አንዳንዱ ተከፍቶ መሃሉ ቢጫ ሆኗል። ውርጩ ከአበባው ጠርዝ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል፤ አበባው ግን አልጠወለገም። ያለምወርቅ ጋቢውን ከዓይኗ ገለጠች። ቦጂያ ሁለት በርጩማ አስቀምጦ ኖሯል። ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ በየማለዳው ወጡ። ፀሐይ አጥሩን ስታልፍ ንቦች ይመጣሉ፤ እነሱ ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ገመቺስ፣ ከስንት ዓመት በፊት ስለሞተች አክስት ያወራሉ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥር አሳልፈው አያውቁም ነበር፤ ልጁ ካደገ ወዲህ ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ሰበታ፣ እሱ ሱሉልታ።

አንድ ቀን ከከተማው በኩል ጩኸት ሲሰማ ከነከናት።

«ሰው እየሞተ እኛ አበባ እናያለን» አለችው።

ቦጂያ ዓይኑን ከአበባው አላነሳም። «እኔም ሰው ስለሚሞት ነው የማየው» አለ።

በነዚያ ጠዋቶች ባንዱም ይህን እሾህ ለምን እንዳመጣ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም። ጊዜ ያለ መስሏቸው ነበር።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የድንኳኑ ሳቅ ጋብ ሲል፣ ገለቴ መጣች። ወሬው በአንዴ ቆመ። ገለቴ ከገበያው ማዶ የምትኖር ወተት አከፋፋይ ናት። ልጇ ሁንዴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ በታህሳስ ከወጣበት ሰልፍ በቃሬዛ ተመለሰ። እሷ ቤት ድንኳን አልተጣለም። የቀበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ያለቀሱት በር ዘግተው።

ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። «ጀባዳ፣ በርቱ» አለች እንደ ወጉ። ንፍሮ ሰጧት፤ እጇ ላይ ያዘችው እንጂ አልቀመሰችም። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ አለቀሰች። መጀመሪያ «ኦቦ ቦጂያ» ብላ ጀመረች፤ ሁለተኛው ጩኸቷ ግን «ሁንዴ ኮ! ያ ሁንዴ ኮ! ሁንዴዬ!» ሆኖ ወጣ።

አንድ ሽማግሌ ወደ በሩ እያየ «ቀስ፣ ቀስ በይ ልጄ፤ ሰው ይሰማል» አላት።

ያለምወርቅ ከቤት ወጣች። ባልቴት ከፍራሿ አትነሳም፤ ያ ወግ ነው። እሷ ግን ተነሳች፤ በአበባው አጠገብ አልፋ ገለቴን በክንዷ ደግፋ ወደ ውስጥ ወሰደቻት፤ ከራሷ ፍራሽ ላይ፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት።

«እዚህ አልቅሺ» አለቻት።

«እትዬ፣ የርስዎን ለቅሶ...»

«ቦጂያ ጠግቦ ነው የሄደው። ለሱ የሚበቃውን አልቅሼለታለሁ። ድንኳኑ የሁለታችንም ይሁን።»

ገለቴ የወር እንባዋን በዚያ ፍራሽ ላይ አፈሰሰች። ሴቶቹ ገብተው ከበቧት። ሁንዴን በስሙ ጠርተው፣ ቁመቱን፣ ሳቁን፣ ኳስ አጨዋወቱን እያነሱ አለቀሱለት። ከውጭ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የመጣም የከለከለም አልነበረም። ስታበቃ ገለቴ ፊቷን ታጠበች፤ ቅድም ያልቀመሰችውን ንፍሮ አንድ በአንድ በላችው።

የሰልስቱ ቀን ሁለት ነገር ይዞ መጣ።

አንደኛው ስንዱ ናት። ከሰበታ ሦስት ቦታ መኪና ቀያይራ፣ በኮልፌ ዞራ ደረሰች። ሁለተኛው ወሬ ነው። ገመቺስ ስልኩን እንደያዘ ከመንገድ ሮጦ ገባ።

«ቀርቷል! ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ!»

አንዲት አሮጊት እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የት እንዳለች ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፈነችው። ወንዶቹ «እውነት ነው? ማን አለ? መቼ?» እያሉ ገመቺስን ከበቡት። እሱ ግን ከአበባው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ካቻምና ደላላ ይዞ የመጣው እሱ ነበር፤ «አባባ፣ ሳይወስዱብህ እንሽጠውና ቡራዩ ከኔ ጋ ኑሩ» ብሎ ነበር። ቦጂያ ደላላውን አልተቆጣም። በአክብሮት ግቢውን አዞረው፤ ወደ ቁጥቋጦው ሲደርሱ «እስቲ ቀረብ ብለህ እየው» አለው። ደላላው ኮቱ ተቀዶ ሄደ።

«አባባ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር» አለ ገመቺስ። ፊቱ ላይ ሳቅና እንባ ተቀላቀለ።

ገለቴ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ነበረች። በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምራ መጥታ ዕቃ ታጥባለች። «ቀረ?» አለች። «ልጆቹስ?»

ቀጄላ ባርኔጣውን አነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ደስታው ቀረ ማለት አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ እንጂ። ሰዎቹ እየተነሱ ገለቴን በየተራ አቀፏት፤ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ።

ስንዱ ግን የራሷ ጉዳይ ነበራት። የእህቷን ልብሶች ከሳጥን አውጥታ እያጣጠፈች ነው።

«እስከ አርባው ድረስ ከኔ ጋ ትቀመጫለሽ፤ ከዚያ በኋላም እዚያው ነሽ» አለች። «ክፍሉን አስለስኜልሻለሁ። ዕድሜሽን ሙሉ በዚህ ውርጭ ተሰቃየሽ፤ አሁን ማን ይዞሻል? በቃ፣ ነይ ወደ ሙቀትሽ።»

«ስንዱ ልክ ናት፣ እማዬ» አለ ገመቺስ። «ሰበታ ካልሆነም እኔ ጋ። ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ልክ ናቸው። ያለምወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ ይህንኑ ስትመኝ ኖራ የለ?

ቀጄላ ደጃፉ ላይ ተደግፎ ሲሰማ ቆይቷል።

«መሄዱን ሂጂ፤ እኔ አልከለክልሽም። ግን አንድ ነገር ሳትሰሚ አትሂጂ። ያን ነገር ያመጣ ቀን አብሬው ነበርኩ።»

«የቱን ነገር?»

«እሾሁን ነዋ። አዲስ አበባ፣ ፈረስ ካላቸው የውጭ ሰዎች ግቢ ድርቆሽ እናራግፋለን። ጥር ነው፤ አንቺ ሰበታ ነሽ። ይሄ ነገር እንደዛሬው በቀይ ተቀጣጥሎ አየው። አትክልተኛውን ‹ይሄን ስጠኝ› አለው። ሰውዬው ‹የት ነው አገርህ?› አለ። ‹ሱሉልታ›። ‹እንኳንም ሱሉልታ ሆነ፤ ይሄ ብርድ ካላገኘ አያብብም፤ ሞቃት አገር ብትተክለው ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው› አለው። ቦጂያ እዚያው ቆሞ ሳቀ፣ ያለም። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ‹ምን ያስቅሃል?› ስለው ‹ሚስቴ ከብርድ በቀር ምን ይበቅላል ትለኛለች፤ መልሷን አገኘሁላት› አለኝ።»

ያለምወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ብዬዋለሁ፤ ‹ንገራት እንጂ› ብዬ። ‹ከነገርኳት ለኔ ብላ ትቀራለች፤ እዚያ ትሞቃለች፤ ትሂድ። አንድ ቀን ራሷ ታየዋለች› አለ። ዓመት በዓመት ሲያብብ ይጠራኛል። ‹እስቲ ቀጄላ፣ እሷ እስክትመጣ አንተ እይልኝ› ይለኛል።»

ስንዱ በእጇ የነበረውን ቀሚስ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። ያለምወርቅ መጀመሪያ ሳቀች፤ እንደ ልጅ፣ ትከሻዋ እየተነቀነቀ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶው መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ በልክ ስታለቅስ የነበረች ሴት ዛሬ አገሩ እስኪሰማ ጮኸች። ሴቶቹ ሊይዟት ሲነሱ ቀጄላ በእጁ ከለከላቸው።

ሲወጣላት ዓይኗን ጠረገች።

«ስንዱ፣ እህቴ፣ ያንን ቀሚስ ሳጥኑ ውስጥ መልሽው» አለች። «እዚሁ ልቀመጥ።»

«በብርድ ልትሞቺ?»

«እስካሁን አልሞትኩም እኮ። ለከርሞ ጥር አንቺ ነሽ የምትመጪው። ወፍራም ጋቢ እሰጥሻለሁ።»

ገመቺስ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ እናቱን አየና ተወው። «ታዲያ ምድጃውን እኔ ላሠራልሽ» አለ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ እድርተኞቹ ድንኳኑን አፈረሱ። ሸራው ሲነሳ ብርሃኑ ግቢውን ሞላው፤ ቁጥቋጦው ሰፊ ሰማይ ሥር መልሶ ቆመ። ከግርግሩ ጥቂት አበቦች ረግፈዋል፤ ሌላው እንዳለ ነው። ሳሊሃ ፔርሙሶቿን ሰበሰበች። ሰዉ እየተሰናበተ ሲሄድ ገለቴ ወደኋላ ቀረች። ከቁጥቋጦው ፊት ቆማ ነበር።

«እትዬ ያለም፣ ከዚህ ከሥሩ የሚበቅሉትን... አንዱን ይሰጡኛል?»

«ለምንሽ?»

«ከሁንዴ መቃብር አጠገብ አይሆንም፤ ከብት ይረግጠዋል። ደጄ ላይ ልተክለው ብዬ ነው። እሱ ይወጣበት በነበረው በኩል።»

ያለምወርቅ ከጓሮ ዶማ አምጥታ ተንበረከከች። ገመቺስ ልርዳሽ ቢላት አይሆንም አለች። ከዋናው ግንድ ራቅ ብሎ የበቀለ፣ ክንድ የምትሆን፣ ጫፏ ላይ ሁለት እንቡጥ ያላት ቀንበጥ መረጠች። ዙሪያውን ቆፈረች፤ ሥሩን ከነአፈሩ በእጇ ፈልፍላ አወጣች። እሾሁ አውራ ጣቷን ወጋት፤ ደሙን በቀሚሷ ጠረገችው። ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለች።

«ከግድግዳ አርቂው» አለች እያሰረች። «ታሳዝነኛለች ብለሽ ከጥላ ሥር እንዳትደብቂያት። ውርጩ ይምታት። አፈሩን ከምሪላት፤ ውሃ እንዳይተኛባት። የዘንድሮዎቹን እንቡጦች ቁረጪያቸው፤ አቅሟን ለሥር ታድርገው።»

«መቼ ታብባለች?»

«ሱታ» አለች ያለምወርቅ። የቦጂያ ቃል ካፏ ሲወጣ ራሷን ገረማት።

ገለቴ ችግኙን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ያለምወርቅ አልሰጠቻትም። «ላድርስሽ» አለች። ባልቴት በሰልስቷ ከግቢ ስትወጣ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ምንም አላሏትም። ሁለቱ ሴቶች በሩን አልፈው የጠጠሩን መንገድ ያዙ። ትናንት የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ምልክት መንገዱ ዳር ይታያል፤ ነፋሱ ከሜዳው የድርቆሽ ሽታ ያመጣል። ባጃጅ በአጠገባቸው ሲያልፍ ብቻ ጠጋ ጠጋ አሉ። ያን ጊዜ ያለምወርቅ ችግኟን ከቀኝ ክንዷ ወደ ግራዋ አዞረች፤ እሾሁ ወደ ራሷ፣ ባዶ እጇ ወደ ገለቴ እንዲሆን። ከዚያ የገለቴን እጅ ይዛ ተራመደች።